ፍጹም መምሰልና ፍጹም መሆን

የዛሬው ትምህርታችን ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው በኢሉባቦር ከተሞች፣ በመቱም፣ በጎሬም፣ በሁሩሙም፣ በያዮም በተለይ ከወጣቶች አፍ የሚወጣ ነው፤ «ቤተሰቤም፣ መምህሮቼም፣ ጎረቤቱም አንዳች ጉድለት እንዳይገኝብኝ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ጉድለት አለብኝ። ታዲያ እንዴት ራሴን ሆኜ ልኑር?» አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄውን ከእምነቱ ጋር ያያይዘዋል፤ «ጌታችንስ ፍጹማን እንድንሆን አዝዞን የለም ወይ? እንግዲያው የሚያስጨንቁኝ ሰዎች ልክ ናቸው ማለት ነው?» ሁለቱም ከቅን ልብ የሚወጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ የችኮላ መልስ ግን አይበቃቸውም። በውስጣቸው ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ እየፈታን፣ የሚመሳሰሉትን እየለየን እንሂድ።

በቅድሚያ ግፊት ምን እንደ ሆነ እንረዳ። ግፊት ስንል አንድ ሰው ከዐቅሙ በላይ ወይም ከጊዜው በፊት እንዲሆን፣ አልያም ያልሆነውን እንዲመስል የሚያስገድደው ጫና ማለታችን ነው። ይህ ጫና ሁልጊዜ ከክፋት አይነሣም። ከቡናዋና ከማሯ ሽያጭ እየቆጠበች ልጇን ያስተማረች እናት መልካም ውጤት መጠበቋ ፍቅር ነው። ጫና የሚሆነው ተስፋዋ ለመውደቅ ቦታ ሲያጣ፣ ልጁም «ባይሳካልኝ ወደዚህ ቤት በምን ፊቴ እመለሳለሁ?» ብሎ ማሰብ ሲጀምር ነው።

ከተሞቻችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው። ሐዘን ሲደርስ መንደሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በዚያው ቅርበት የተነሣ ግን የልጅ የፈተና ውጤት ከልጁ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ቃል አለ፤ ይሉኝታ። ይሉኝታ ማለት «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ መጠንቀቅ ነው። ሁለት ዓይነት መልክ ስላለው በአንድ ፍርድ አንጣለው። ጤናማው ይሉኝታ ወንድሜን እንዳልጎዳ፣ ሽማግሌ ፊት ድምፄን እንዳላነሣ፣ የተቸገረን አይቼ እንዳላልፍ ይጠብቀኛል፤ የሚያስበው ስለ ሌላው ነው። ልኩን ያለፈው ይሉኝታ ግን የሚያስበው ስለ ስሜ ብቻ ነው። ጥፋቱን ከመሥራት ይልቅ ሲሠራ መታየትን ያስፈራኛል። የመጀመሪያው ሰውን ወደ ጎረቤቱ ያቀርበዋል፤ ሁለተኛው ከጎረቤቱም ከራሱም ይደብቀዋል።

ጫናው ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠበት ጊዜ፣ በመላ አገሪቱ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ቁጥሩ ብዙ አልተለወጠም። ይህን ስሌት ገልብጣችሁ እዩት፤ ከመቶ ወጣት ዘጠና ሰባት የሚሆነው «ወደቀ» የሚል ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለ ፈተናው ሥርዓት፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ኩረጃ ብዙ ተነግሯል፤ መነገርም አለበት። ለእኛ ትምህርት የሚያስፈልገን ግን «ወደቀ» የሚለው ቃል የሚያርፈው በምኑ ላይ እንደ ሆነ መለየት ነው። የወደቀው በአንድ ፈተና ላይ የተሰጠው መልስ ነው ወይስ ልጁ ራሱ? ብዙ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሳይለዩ አንድ ላይ ይነገራሉ። የሚጎዳውም ይህ አለመለየት ነው።

እስካሁን ያየነውን ባጭሩ እንያዝ። ግፊት ከፍቅርም ሊነሣ ይችላል፤ ይሉኝታም ልክ ሲኖረው መልካም ነው። ሰውን የሚሰብረው ሥራውና ማንነቱ ተቀላቅለው በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ነው። እንግዲህ ወደ ቀጣዩ ቃል እንለፍ።

ራስ ምንድር ነው? ብዙዎች «ራሴን ልሁን» ሲሉ ዛሬ የሚሰማቸውን ስሜት ማለታቸው ነው። ስሜት ግን ከጠዋት እስከ ማታ ይለዋወጣል፤ ሰው ራሱን በእሱ ላይ ሊያቆም አይችልም። በእኛ ትምህርት ራስ ስንል ሦስት ነገር በአንድነት እንይዛለን። በእግዚአብሔር መልክ በመፈጠራችን ያገኘነው፣ ማንም ሰው ያልሰጠንና ማንም ሊነጥቀን የማይችል ክብር አንዱ ነው። የመጣንበት መንገድ፣ ማለትም የተወለድንበት ቤት፣ የደረሰብን መከራ፣ የተማርነውና ያልተማርነው ሌላው ነው። ሦስተኛው የተጠራንበትና ገና ያልጨረስነው ሥራ ነው። ስለዚህ ራስን መሆን ማለት የተሰጠንን ክብር ሳንክድ፣ የመጣንበትን መንገድ ሳንደብቅ፣ ያልጨረስነውን እንደ ጨረስነው አድርገን ሳናሳይ መኖር ነው። ሰነፍ ሰው «እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ ከመለወጥ ሲሸሽ ራሱን ሆነ አንለውም፤ ሦስተኛውን ክፍል ጥሎታልና።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ። ፍጹምነት በሁለት መንገድ ይታሰባል። አንደኛው እንከን የለሽነት ነው፤ አንዳች ስሕተት፣ አንዳች ጉድለት የማይገኝበት መሆን። ሁለተኛው ምሉዕነትና ብስለት ነው፤ ሰው ለተፈጠረበት ዓላማ በሙሉ ልቡ መሰጠቱና በእሱ ማደጉ። በቅዱሳት መጻሕፍት ሰው ፍጹም እንዲሆን የተጠራበትን ስፍራ ስንመረምር የምናገኘው ሁለተኛውን ነው። በማቴዎስ ወንጌል በአምስተኛው ምዕራፍ ይህ ትእዛዝ የመጣው ጠላትን ስለ መውደድ በተሰጠው ትምህርት መደምደሚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተነገረው እግዚአብሔር ፀሐይንና ዝናብን ለደጉም ለክፉውም መስጠቱ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ፍጹም መሆን ማለት ሰውን ሳይከፋፍሉ መውደድ ማለት ነው። የሉቃስ ወንጌል በስድስተኛው ምዕራፍ ተመሳሳዩን ትምህርት ሲያቀርብ በፍጹምነት ምትክ ርኅራኄን አስቀምጧል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ትእዛዙ የአባት ጥሪ እንጂ የመርማሪ ማስጠንቀቂያ እንዳልሆነ ያስተውላል።

ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በሦስተኛው ምዕራፍ ገና ፍጹም እንዳልሆነ፣ ገና እየሮጠ እንደ ሆነ ይናገራል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን ራሱን ከፍጹማን ጋር ይቆጥራል። እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይጋጫሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ፍጹምነትን በእንከን የለሽነት ብቻ ስለ ፈታው ነው። ለጳውሎስ የበሰለ ሰው ማለት ገና እንዳልደረሰ የሚያውቅና መሮጡን ያልተወ ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረው የኑሲሱ ጎርጎርዮስም ስለ ሙሴ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ በበጎነት ፍጹም መሆን ወሰን እንደሌለው፣ ፍጹምነቱም ሳያቋርጡ ማደጉ ራሱ እንደ ሆነ አስተምሯል።

የአገራችሁ የቡና ጫካ ይህን ያስረዳል። ከጥላ ዛፍ ሥር ባለች አንዲት የቡና ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ ፍሬ አብረው ይገኛሉ። አዋቂ ለቃሚ ቀዩን ለቅሞ ይሄድና ሌላ ቀን ይመለሳል። አረንጓዴው ፍሬ አልተበላሸም፤ ጊዜው አልደረሰም። የሚያበላሸው ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ሙልጭ አድርጎ ጥሬውንም ከበሰለው ጋር ጆንያ ውስጥ መክተት ነው። ጆንያው ቶሎ ይሞላል፤ የቡናው ጣዕም ግን ይወርዳል። ከጊዜው በፊት ሙሉ ለመምሰል የሚጣደፍ ሰውም በራሱ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ መምሰልና መሆን ተለይተውልናል። ፍጹም መምሰል እንከንን መደበቅ ነው፤ ፍጹም መሆን በእውነት እያደጉ መሄድ ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚመስል ብናይ ይበልጥ ይገባናል። ለዚህም ከዚሁ ከኢሉባቦር ምድር የወጣውን ኦኔሲሞስ ነሲብን እንመልከት።

ኦኔሲሞስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በሁሩሙ አካባቢ ነው፤ የልጅነት ስሙ ሂካ ይባላል። አባቱን ያጣው ገና በአራት ዓመቱ ነው። በኋላም የባሪያ ፈንጋዮች ነጠቁት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጠ በስምንት ጌቶች እጅ ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ወርነር ሙንሲንገር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው ነጻ አወጣው። ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቀ። ቀጥሎም ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ተማረና ወደ ምጽዋ ተመለሰ። ልቡ ያለው ወገኖቹ ዘንድ ነበርና በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ተነሣ፤ ሕመም መለሰው። እንደገና ሞክሮ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ወደፊት እንዲያልፍ ግን አልተፈቀደለትም።

መንገዱ ሲዘጋበት ወደ ሌላ ሥራ ዞረ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ይህ ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ተስፋ የተጣለበት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ኦሮሞ ሆኖ ተወልዷል፤ በአውሮፓ ተምሯል፤ ቋንቋዎች ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው የገዛ ቋንቋውን በሚገባ አያውቅም ብሎ ማን ይጠረጥረዋል? ሥራውን ሲጀምር ግን ጉድለቱ ታየው። ከኦሮምኛ ተናጋሪዎች መካከል የተነጠቀው በልጅነቱ ስለ ነበረ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚበቃ የቋንቋ ሀብት አልነበረውም። የባሪያ ንግድ ከቤቱና ከእናቱ ጋር ቋንቋውንም ነጥቆታል።

ጉድለቱን አልደበቀም። እንደ እርሱ ከባርነት የወጡ የኦሮሞ ልጆች ያሉበት የቋንቋ ቡድን ተቋቁሞ ሥራውን አብሮት ያዘ። ከእነርሱ መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። እርሷም በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘንድ በባርነት የነበረች ናት፤ ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትጓዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነጻ አወጧት፤ ወደ እምኩሉም መጣች። የቋንቋ ችሎታዋ እጅግ የተለየ ነበር። አሥራ አምስት ሺህ ያህል ቃላት ያሉት የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አጠናቀረች፤ ከቃል ትውፊት አምስት መቶ ያህል ተረቶችን፣ ምሳሌዎችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ሰበሰበች። ኦኔሲሞስ የጎደለውን ያገኘው ከእርሷ ዘንድ ነው። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ፤ በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 ለንባብ በቃ። ለብዙ ዘመን ስሙ ሲነሣ ስሟ አብሮ ሳይነሣ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የሥራውን እውነተኛ ታሪክ ያለ እርሷ መንገር አይቻልም።

ከዚህ የምንማረውን በጥንቃቄ እንለይ። ኦኔሲሞስ «ቋንቋዬ እንዲህ ነው፤ እንዳለ ተቀበሉት» ብሎ ጎደሎ ትርጉም አላሳተመም። «የማይገባኝ ሰው ነኝ» ብሎም ሥራውን አልጣለም። ከፍ ያለውን ግብ ሳይቀንስ የራሱን ዐቅም በእውነት ለካ፤ የቀረውን ከሌላ ሰው እጅ ተቀበለ። ይህ ትሕትና ይባላል። ትሕትና ማለት ስለ ራስ ያለውን እውነት፣ ያለንንም የሌለንንም፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መቀበል ነው። ከእርሱ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ራስን ማዋረድ ነው፤ ይህ ግን ያለንንም ጸጋ እንደሌለ መቁጠር ነውና ከእውነት ይጎድላል። ትሑት ሰው ሰዎች ሊረዱት ይችላሉ፤ የጎደለውን ነግሯቸዋልና። ፍጹም የሚመስል ሰው ግን እርዳታ የሚገባበትን በር በገዛ እጁ ዘግቷል።

የኦኔሲሞስ ታሪክ በመጽሐፉ መታተም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1904 ከአስቴርና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ወደ ወለጋ ተሻገረ፤ ነቀምት ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ የቀድሞው ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበሉት። በኦሮምኛ መስበክና ማስተማር ጀመረ። ከአካባቢው ካህናት ክስ ተነሣበትና እ.ኤ.አ. በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ እንዲሰደድም ተወሰነበት። ዐፄ ምኒልክ ውሳኔውን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ መስበክ ግን ተከለከለ። የዚያ ዘመን የሃይማኖት ክርክር የዛሬ ትምህርታችን ስላልሆነ ወደ እርሱ አንገባም። እኛ የምናስተውለው ይህ ሰው በተከለከለበት ጊዜ ያደረገውን ነው። መስበክ ባይፈቀድለትም ትምህርት ቤቱ ቀርቶለት ነበርና ልጆችን ፊደል ሲያስቆጥር ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1916 ከልጅ ኢያሱ የፈቃድ ደብዳቤ አግኝቶ ስብከቱን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 እስኪያርፍ ድረስም ከሥራው አልተለየም። በሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ሰው አልነበረም። ምስጋናውን ለማግኘት ብሎ ግን ሌላ ሰው አልሆነም።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ እንዲህ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ጉድለት አይቀርም ካልን ሥራችንን በግድየለሽነት ለመሥራት በር መክፈት አይሆንም?» መልካም ጥያቄ ነው፤ በሥራ ጥራትና በሰው ክብር መካከል ያለውን ልዩነት እንድናጠራ ያደርገናል። መቱ ካርል ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ነርስ የመድኃኒቱን መጠን በትክክል መለካት አለባት፤ በዚህ ላይ «ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ» ብሎ መዝናናት የለም። ነገር ግን አስቡት፤ አንድ ቀን መጠኑ ቢሳሳትባት በሽተኛው ሊድን የሚችለው ወዲያው «ተሳስቻለሁ» ብላ ስትናገር ነው። ስሕተት የማይታሰብባት ተደርጋ የተቆጠረች ነርስ ግን ዝም ለማለት ትፈተናለች። ስለዚህ ሰው እንከን የለሽ እንዲመስል የሚያስገድድ ቦታ ሥራውንም ያበላሻል። ከፍ ያለ ጥራት የሚገኘው ጉድለትን መናገር በሚቻልበት ቤት ውስጥ ነው።

ጉድለትን በመናገር ረገድም ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ንስሐ «ይህን አጠፋሁ» ይላል፤ ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ ይተወዋል፤ ይመለሳልም። ሐፍረት ግን «እኔ ራሴ ጥፋት ነኝ» ይላል፤ መመለሻም አያሳይም። በሉቃስ ወንጌል በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ወደ መቅደስ የወጡትን ሁለት ሰዎች አስታውሱ። ፈሪሳዊው ጸሎቱን ራሱን ከሌሎች ጋር በማነጻጸርና ሥራውን በመቍጠር ፈጀው። ቀራጩ ግን ስለ ራሱ እውነቱን ተናገረ፤ የተናገረውም ምሕረት ሊያደርግለት በሚችለው ፊት ነው፤ ጸድቆም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወደ ምሕረት የሚያቀርበን ንስሐ ነው። ከምሕረት የሚያርቀን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ስልክ ላይ የሌሎችን የምረቃና የሠርግ ፎቶ የሚያስቆጥረን ሐፍረት ነው። ይህን መለየት ለወጣቶች እጅግ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ሐፍረታቸውን ንስሐ መስሏቸው ተሸክመውት ይኖራሉና።

በመጨረሻም ለወላጆችና ለታላላቆች አንድ ቃል አለ። ልጁ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አብሮት ይኖራል። «ስንት አመጣህ?» ከማለት በፊት «በላህ ወይ? ና ተቀመጥ» ቢባል፣ ክብሩ ከቁጥሩ እንደማይመነጭ ያለ ስብከት ይረዳል። ቁጥሩ ከምግቡ በኋላ ይታያል፤ መታየትም አለበት። የትኛው ትምህርት እንደ ከበደው፣ ምን እንዳልገባው፣ በሚቀጥለው ዓመት ማን ሊያግዘው እንደሚችል አብራችሁ ተነጋገሩ። እናንተም በዕድሜያችሁ ያልተሳካላችሁን ንገሩት፤ የተጣለ የንግድ ሐሳብ፣ የተቋረጠ ትምህርት፣ ሁለተኛ የተጀመረ ሥራ በየቤቱ አለ። ልጆች ይህን የማያውቁት ስላልነገርናቸው ነው።